የሦስተኛው ረድፍ ነገር



ቦንጋ ላይ መድረክ አግኝቶ ስለ ቡና አለመናገር ነውር ሳይሆን አይቀርም። ቡናውን ግን ለባለሙያዎቹ ትቼዋለሁ። እኔ ይዤላችሁ የመጣሁት በእጅ የሚሠራ የሕፃን ብርድ ልብስ ነው። ሙሉውን ብርድ ልብስም አይደለም፤ አንድ ረድፉን ብቻ። ሹራብ የለመዱ፣ ኮፍያና ካልሲ እያወሩ የሚጨርሱ እጆች እዚህ ረድፍ ላይ ሲደርሱ ለምን እንደሚተበተቡ ልናገር ነው የቆምኩት። ብዙዎች "እጄ ገና አልለመደም" ይላሉ። እኔ አልስማማም። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ነው፤ መፍትሔውም ከእጅ ቅልጥፍና ይልቅ በመቁጠር ይገኛል።

ብርድ ልብስ ለምን እንደመረጥኩ ለከፋ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከሩቅ የሚያስበን ሰው ከፋን ሞቃት ጫካ አድርጎ ይስለዋል። ቦንጋ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ አዲዮ ደጋ የወጣ ሰው ደግሞ ጋቢ ደርቦም ይንዘፈዘፋል። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድበት አገር ነው። ብርዱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ እርጥበቱ ነው አስቸጋሪው። በክረምት የታጠበ ጨርቅ ገመድ ላይ ውሎ አድሮ እንኳ በቅጡ አይደርቅም። አራስ ለመጠየቅ የሚሄድ ዘመድ ለልጁ የሚደረብ ነገር ይዞ ሲገባ ምርቃቱ የሚበዛው በከንቱ አይደለም።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት በአጠራር እንስማማ፤ የሹራብ ሠሪዎች ስያሜ ከቤት ቤት ይለያያልና። መርፌው ላይ የተደረደረውን እያንዳንዱን ቀለበት "ዓይን" እለዋለሁ። ክሩ ከኋላ ሆኖ ሲሠራ "ቀጥታ"፣ ክሩ ወደ ፊት መጥቶ ሲሠራ "ግልባጭ" ነው። ሁለት ዓይን አብሮ ተይዞ አንድ ሆኖ ሲወጣ "ሁለቱን በአንድ" እላለሁ። ክሩ ባዶ መርፌ ላይ አንዴ ዞሮ አዲስ ዓይን ሲሆን ደግሞ "ማልበስ"፤ በሚቀጥለው ረድፍ እዚያ ቦታ ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ይህ ብርድ ልብስ ከእነዚህ ከአራቱ ሌላ የሚጠይቀው ነገር የለም።

ንድፉ በ4 ረድፍ ይመላለሳል። አንደኛው ረድፍ ዳር እስከ ዳር ቀጥታ ነው። ሁለተኛው ዳር እስከ ዳር ግልባጭ። አራተኛው ከጀርባ በኩል በቀጥታ ይሠራል፤ ስለዚህ ፊት ለፊቱ ላይ ጎላ ያለ መስመር ይተዋል። ሦስቱን ልጅ እያጫወቱ መሥራት ይቻላል። ጉዱ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። እንዲህ ይላል፦ ሁለቱን በአንድ 3 ጊዜ፤ ማልበስና አንድ ቀጥታ 6 ጊዜ፤ ሁለቱን በአንድ 3 ጊዜ፤ ይህንኑ እስከ ረድፉ መጨረሻ ድገሚ።

ሒሳቡን እንየው። መጀመሪያ ሁለቱን በአንድ 3 ጊዜ ስንሠራ 6 ዓይን ገብቶ 3 ይወጣል። ቀጥሎ ማልበስና አንድ ቀጥታ 6 ጊዜ ስንሠራ 6 ዓይን ይገባል፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ የለበሰ ክር ስለሚጨመር 12 ይወጣል። በመጨረሻ እንደገና 6 ገብቶ 3 ይወጣል። የገባው 18፣ የወጣው 3 ሲደመር 12 ሲደመር 3፣ ያው 18። ስድስት ጠፋ፣ ስድስት ተወለደ። ይህችን ሒሳብ የያዘች ሴት ንድፉን ከግማሽ በላይ ፈትታዋለች። ወንድም ቢሆን እንዲሁ፤ እዚህ የተቀመጣችሁ ወንዶች ፈገግ ስትሉ አይቻለሁ። አገራችን ውስጥ ሸማ የሚሠራው ማን እንደሆነ አስታውሱና ሳቁ።

ቁጥሩ ካልተለወጠ ታዲያ ብርድ ልብሱ ላይ የሚታየው ያ የሚያምረው ሞገድ ከየት መጣ? የሚጠፉትና የሚወለዱት ቦታቸው ስለሚለያይ ነው። የአንዱ ንድፍ መጨረሻና የቀጣዩ መጀመሪያ ጎን ለጎን ስለሚውሉ፣ እዚያ ላይ ሁለቱን በአንድ 6 ጊዜ በተከታታይ ይሠራል፤ 12 የነበረው 6 ይሆናል፣ ጨርቁ ይሰበሰባል። መሀል ላይ 6 የነበረው 12 ይሆናል፣ ጨርቁ ይሰፋል። አንዱ ጋ እየጠበበ ሌላው ጋ እየሰፋ ሲሄድ ረድፉ ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም፤ ይታጠፋል። የብርድ ልብሱ ጠርዝም ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ እንደ ቅጠል ዳር ጎበጥ ጎበጥ ይላል።

አሁን ብርድ ልብሱን እንጀምር። 7 ንድፍ እንውሰድ፤ 7 ጊዜ 18፣ 126 ዓይን ነው። ግራና ቀኝ ጠርዙ እንዳይጠቀለል 5፣ 5 ዓይን ሁልጊዜ በቀጥታ የሚሠራ እንጨምር፤ 136። በ4 ሚሊ ሜትር መርፌና መካከለኛ ውፍረት ባለው ክር ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል፤ ታቅፎ ለሚያድር ልጅ የሚበቃ ነው።

ጥፋቱ እንዴት እንደሚገባ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው የንባብ ጥፋት ነው። "ማልበስና አንድ ቀጥታ 6 ጊዜ" የሚለውን "አንዴ ማልበስ፣ ከዚያ 6 ቀጥታ" ብሎ የሚያነብ ሰው ብዙ ነው። የእንግሊዝኛው መመሪያ ይህን የሚለየው በአንዲት ቅንፍ ነው፤ ያቺ ቅንፍ ፎቶ ኮፒ ላይ ደብዝዛ ወይም ከስልክ ወደ ስልክ ስትገለበጥ ተዘልላ ትቀራለች። ክፋቱ ይህ ጥፋት ድምፅ የለውም። ቁጠሩት፦ 6 ገብቶ 3 ወጣ፤ 6 ገብቶ 7 ወጣ፤ 6 ገብቶ 3 ወጣ። የገባው 18 ስለሆነ ረድፉ ያለ ትርፍና ያለ ጉድለት ጠርዙ ላይ ያልቃል፤ ሠሪዋም ደስ ብሏት ትቀጥላለች። የወጣው ግን 13 ነው። በእያንዳንዱ ንድፍ 5፣ በሰባቱ 35 ዓይን ጠፍቷል። 136 የነበረው 101 ሆኗል። አራተኛው ረድፍ አይነግራትም፤ አንደኛውና ሁለተኛውም አይነግሯትም። ወደ ሦስተኛው ስትመለስ፣ ጠርዙ ተቀንሶ የቀረው 91 ለ18 ሲካፈል 5 ደርሶ 1 ይተርፋል። ያን ጊዜ "መጨረሻው እምቢ አለኝ" ትላለች። መጨረሻው ምንም አላደረገም፤ ነገሩ ያለቀለት ከ4 ረድፍ በፊት ነው።

ሁለተኛው ጥፋት የብልህ ሰው ነው፤ መመሪያውን ለማሳጠር ከመፈለግ ይመጣል። መጨረሻ ላይ "ሁለቱን በአንድ 3 ጊዜ"፣ መጀመሪያም ላይ "ሁለቱን በአንድ 3 ጊዜ" የሚል ሲያይ "አንድ ነገር ሁለቴ ጻፉት" ብሎ አንዱን ይተውና በረድፉ መጨረሻ ላይ ብቻ ይሠራዋል። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ንድፍ 12 ዓይን ይፈጅና 15 ይመልሳል። 126 ለ12 ሲካፈል 10 ደርሶ 6 ይተርፋል፤ ያ 6 ደግሞ ልክ ለሦስቱ የመዝጊያ "ሁለቱን በአንድ" ጥምሮች ይበቃል! በአጋጣሚ 7 ንድፍ ስለመረጥን ይኸኛውም ዝም ብሎ ያልፋል። ብርድ ልብሱ 8 ንድፍ ቢሆን ኖሮ የመጨረሻዎቹ ጥምሮች ዓይን ያጡ ነበር፤ ሠሪውም እዚያው ይነቃ ነበር። በሰባቱ ግን 126 የነበረው 153 ይሆናል፤ ከጠርዙ ጋር 163።

ሦስተኛው የእጅ ነው፤ እሱም ቀላሉ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የለበሰ ክር በአራተኛው ረድፍ ከመርፌው ይንሸራተታል፤ ወይም ሠሪዋ የላላ ክር መስሏት ታልፈዋለች። 136 የነበረው 135 ይሆናል። ይህን ለማቃናት ምንም መፍታት አያስፈልግም። በሁለቱ ጎረቤት ዓይኖች መካከል ተጋድሞ የሚታየውን ክር በመርፌው ጫፍ አንስቶ መርፌው ላይ መስቀል ነው፤ የጠፋው ዓይን እሱ ነው። ስንት ብርድ ልብስ በዚህ ምክንያት እንደተተረተረ ሳስብ ይቆጨኛል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ 101 ካያችሁ ቅንፉ ነው። 163 ካያችሁ የተተወው ጥምር ነው። 135 ካያችሁ የወደቀ ክር ነው። ሐኪም ሙቀት እንደሚለካው ሁሉ ቁጥሩ በሽታውን ይጠቁማል፤ "አልገጠመልኝም" የሚለው ቃል ግን ምንም አይጠቁምም።

አንድ ጥፋት ቁጥር የማይይዘው አለ። ክሩ በተቃራኒው አቅጣጫ መርፌው ላይ ከዞረ ዓይኑ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። በተለመደው መንገድ ሲሠራ ይጠመዘዝና ቀዳዳው ይደፈናል። ዓይኑ 136 ነው፣ ሞገዱም አለ፣ ግን ቀዳዳዎቹ አንዱ ክፍት አንዱ ዝግ ይሆናሉ። እዚህ ላይ መድኃኒቱ ማየት ነው፤ መርፌው ላይ ከተቀመጠው ዓይን የፊተኛው እግር በስተቀኝ መሆን አለበት። በግራ ከሆነ ከጀርባ በኩል ይሠራል፤ ይቃናል።

ጥፋት ሳይገባ መጠበቂያውም ርካሽ ነው። በእያንዳንዱ 18 ዓይን መካከል የተለየ ቀለም ያለው ክር ቀለበት አድርጋችሁ መርፌው ላይ አስገቡ። ሦስተኛውን ረድፍ ስትጨርሱ መቶ ሠላሳ ስድስት ድረስ አትቆጥሩም፤ ከምልክት እስከ ምልክት 18 መሆኑን ብቻ ታያላችሁ። ጎደለ ከተባለም የትኛው ቤት ውስጥ እንደጎደለ ይታወቃል። ሌላው ደግሞ አራተኛው ረድፍ ሲያልቅ በስፌት መርፌ አንድ ቀጭን ክር በዓይኖቹ ሁሉ ውስጥ ማሳለፍ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ ጥፋት እስከዚያ ክር ድረስ ቢፈታ እንኳ ከእሱ በታች ያለው አይነካም።

ይህ ንድፍ የት ተወለደ ብትሉኝ፣ ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን ካሉት የሼትላንድ ደሴቶች ነው የታወቀው። እዚያ ለየዕለት ልብስነትና ለሕፃን መጠቅለያነት የሚሠሩት ነጠላዎች ጠርዛቸው በዚህ ሞገድ ነው የሚዋበው። የሼትላንድ ሴቶች ለማገዶ የሚሆነውን የረግረግ አፈር በቅርጫት ጀርባቸው ላይ ተሸክመው፣ እየተራመዱ ሹራብ ይሠሩ ነበር፤ ወገባቸው ላይ በታጠቁት የቆዳ ቀበቶ ቀዳዳ ውስጥ የአንዱን መርፌ ጫፍ ሰክተው። እንጨት ተሸክማ ከጫካ ስትወጣ ያያችኋትን የከፋ ሴት አስቡና እጇ ላይ መርፌና ክር ጨምሩላት። ክፍያው ግን በገንዘብ አልነበረም። ነጋዴው ሹራቡን ተቀብሎ ሻይና ጨርቅ ይሰጣቸው ነበር፤ ዋጋውን የሚተምነውም እሱ ራሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 የመንግሥት አጣሪ ይህን አሠራር መርምሮ ሰፊ ሪፖርት አውጥቷል። የእጅ ሥራን ስናደንቅ የእጁን ዋጋ መጠየቅ እንዳይረሳን ነው ይህን ያነሳሁት።

ሹራብን ግን የፈረንጅ ብቻ አድርገን አንየው። በጥንታዊቷ የግብፅ ከተማ በኦክሲሪንኩስ የተገኙ፣ ለነጠላ ጫማ እንዲመቹ አውራ ጣታቸው የተለየ ቀይ የሱፍ ካልሲዎች ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይታያሉ፤ ዕድሜያቸው ከ3ኛው እስከ 5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይገመታል። እነሱ በአንድ መርፌ የተሠሩ ናቸው፤ ገና ሹራብ አይባሉም። በሹራብ አሠራር የተሠሩት የታወቁት ቀደምት ሥራዎች ግን እዚያው ግብፅ ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠሩ ሰማያዊና ነጭ የጥጥ ካልሲዎች ናቸው። ዓባይን ተከትለን ብንወርድ የምንደርስበት ቦታ ነው። እጅ ይህን ሁሉ ዘመን ያለ ወረቀት ሠርቷል። የታተመ የሹራብ መመሪያ በሰፊው መሸጥ የጀመረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ኤዲንብራ ውስጥ የክርና የጥልፍ ዕቃ ትሸጥ የነበረችው ጄን ጎጌን እ.ኤ.አ. በ1840 ባሳተመችው መጽሐፍ ለየአሠራሩ የራሷን የፊደል ምልክት አወጣች፤ ሌሎችም ጸሐፊዎች እንዲሁ የየራሳቸውን አወጡ። እንግዲህ የመመሪያ ግራ መጋባት የዛሬ አይደለም፤ ከልደቱ ጀምሮ አብሮት ያለ ነው።

ዛሬም አልጠራም። የብሪታንያ መመሪያ ማልበስን እንደ ቦታው በተለያየ ስም ይጠራዋል፤ የአሜሪካው በአንድ። የመርፌው ቁጥር ደግሞ የባሰ ነው። በድሮው የብሪታንያ አቆጣጠር 8 ቁጥር መርፌ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአሜሪካው 8 ቁጥር 5 ሚሊ ሜትር ነው። የብሪታንያው ቁጥር ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል፤ የአሜሪካው ቁጥር ሲጨምር ይወፍራል። የአሜሪካን መርፌ ይዛ የብሪታንያን መመሪያ የምትከተል ሴት ለሕፃን ያሰበችው ለትልቅ ልጅ ይሆንባታል። ስለዚህ ቁጥሩን እርሱት፤ ሚሊ ሜትሩን ያዙ። መርፌው ላይ ካልተጻፈ አንድ ጠባብ የወረቀት ቁራጭ ዙሪያውን ጠቅልላችሁ የተገናኘበትን ምልክት አድርጉ። ሲዘረጋ 12 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ከሆነ መርፌው 4 ነው፤ ወደ 16 ከተጠጋ 5 ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ሸማኔ ላንሳ። የዶርዜ ሸማኔ ጥበብ ሲሠራ የሚጻፍ መመሪያ የለውም፤ ከድሩ ውስጥ ስንት ክር አንስቶ ስንቱን ዘልሎ ባለቀለሙን ማግ እንደሚያሳልፍ ቆጥሮ ያውቃል። ይህን የሚቆጥር ሕዝብ ሦስተኛውን ረድፍ አይፈራም ብዬ አምናለሁ። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ ችላ ማለት የለብንም። የሸማኔው ድር ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተቆጥሮ ተወጥሯል፤ እስከ መጨረሻው አይጨምርም አይቀንስም። የሹራብ ዓይን ግን እየተሠራ ይሞታል፣ ይወለዳል። ሸማኔው አንዴ ቆጥሮ ያረፈውን ሹራብ ሠሪዋ ሦስተኛው ረድፍ በመጣ ቁጥር እንደገና መቁጠር አለባት።

አሁን ወደ ክሩ። ቦንጋ በበጓ የታወቀች ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ኢካርዳ የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል ከቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር ሆኖ ገበሬው ራሱ አውራ በጉን እየመረጠ የሚያራባበትን ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። ዕድገቱ፣ መንታ መውለዱ፣ ሰፊው ላቱ ሁሉም የተመሰከረለት በግ ነው። ሱፍ ግን የለውም! የቦንጋ በግ አካል የተሸፈነው በአጭርና ልስልስ ጠጉር ነው፤ አይፈተልም። ሱፍ ያለው የመንዝ በግ ነው፤ መንዞች ከእሱ ባና ይሠራሉ፤ ደብረ ብርሃንም በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ናት። የመንዝ ሱፍ ሻካራ ነውና አዲስ የተወለደ ልጅ ገላ ላይ በቀጥታ አይደረግም። ስለዚህ እዚህ ለሚሠራ የሕፃን ብርድ ልብስ የሚቀሩት ሁለት ናቸው፤ ከመርካቶ በጅማ በኩል የሚመጣው ክርና የጥጥ ፈትል።

ከመርካቶ የሚመጣው ክር ሱቅ ውስጥ "ሱፍ" ቢባልም አብዛኛው አክሪሊክ ነው፤ ከነዳጅ ውጤት የሚሠራ። ለመለየት አንድ ቁራጭ ክር ውጭ አውጥታችሁ በክብሪት ለኩሱ። እውነተኛ ሱፍ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። አክሪሊክ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ይህን የምለው ለማወቅ ጉጉት ብቻ አይደለም። ምድጃ ባለበት ቤት፣ ልጅ ታቅፎ እሳት ዳር በሚቀመጥበት ቤት፣ ቀልጦ ገላ ላይ የሚጣበቅ ክር አደጋ ነው። ሱፍ በቀላሉ አይያያዝም፤ የክብደቱን 30 በመቶ ያህል እርጥበት ቢጠጣም ያሞቃል። አክሪሊክ እርጥበት ስለማይጠጣ ቶሎ ይደርቃል፤ ለቦንጋ ክረምት ይህም ትልቅ ነገር ነው። ምርጫው የየቤቱ ነው፤ አክሪሊኩን የሠራችሁ ግን ከምድጃ አርቁት።

ጥጥ አይቀልጥም፤ ለገላም ይመቻል። ነገር ግን አይለጠጥም። ሁለቱን በአንድ 6 ጊዜ በተከታታይ ስትሠሩ እጅ ያደክማል፤ መርፌው ዓይኖቹ ውስጥ አልገባ ይላል። በጥጥ የምትሠሩ ሁለተኛውን ረድፍ ላላ አድርጋችሁ ሥሩ፤ ሦስተኛውን የሚያከረው የሁለተኛው ጥብቀት ነው። በእጅ የተፈተለ ክር ከሆነ ደግሞ ውፍረቱ ስለሚለያይ ናሙና ሳትሠሩ ብርድ ልብስ አትጀምሩ።

መርፌ እዚሁ አለን። የከፋ ደጋ ቀርከሃ ያበቅላል። 3 ዓመት የሞላው ቀርከሃ ተመርጦ፣ ደርቆ፣ ተሰንጥቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ከተሞረደ በኋላ በሰም ቢታሽ ጥሩ የሹራብ መርፌ ይወጣዋል፤ ሰም ደግሞ ማር ካለበት አገር አይጠፋም። ለጋ ቀርከሃ ግን ሲደርቅ ይጨማደዳል። የቀርከሃ መርፌ ለዚህ ንድፍ ከብረቱ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ብረት ያዳልጣል፣ የለበሰው ክር ቶሎ ይወድቃል። ያ 135 የሚያደርገን ጥፋት በቀርከሃ ይቀንሳል።

ስለ ቀዳዳዎቹም አንድ ነገር። የጨቅላ ጣት ትንሽ ናት፤ ቀዳዳ ውስጥ ገብታ ክር ሊጠመጠምባት ይችላል። ለዚህ ነው ከ4 ሚሊ ሜትር በወፈረ መርፌ አትሥሩ የምለው። የክር ጫፍ ሁሉ ተሰፍቶ ይግባ፤ ተንጠልጥሎ አይቅር። ልጁ ብቻውን ሲተኛም ፊቱ ላይ የሚደርስ ልብስ አይተውበት። ይህ ብርድ ልብስ ለማቀፊያና አንቀልባ ላይ ለመደረብ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ልጆቻችን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካፊ ኖኖ ማንበብና መጻፍ ይማራሉ፤ አማርኛም ይማራሉ። የሹራብ መመሪያ ግን በሁለቱም ቋንቋ የለንም ማለት ይቻላል፤ ያለን ከእንግሊዝኛ በግማሽ የተገለበጠ ወረቀት ነው። ይህን ሥራ ለሚያስተምሩ ሁሉ የምለው፣ የራሳችሁን መመሪያ ጻፉ፤ ስትጽፉም አንድ ነገር አትተዉ። በየረድፉ መጨረሻ መርፌው ላይ ስንት ዓይን መኖር እንዳለበት በቁጥር ይቀመጥ። ይህን የማይነግር መመሪያ፣ ከየትም ይምጣ፣ ጎዶሎ ነው። "6 ጊዜ" የሚለው ለየትኞቹ እንደሆነም በቅንፍ ሳይሆን በዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ "ክር አልብሺ፣ አንድ ቀጥታ ሥሪ፤ እነዚህን ሁለቱን አብረሽ 6 ጊዜ ደጋግሚ"። ስድስት ቃል ይረዝማል፤ 35 ዓይን ያድናል። የሽማግሌዎቹንና የእናቶቹን አጠራርም ጠይቃችሁ ጻፉ። እኔ ዛሬ የተጠቀምኩበት አጠራር ቦንጋ ላይ የሚባለው ካልሆነ የእናንተው ይሻላል።

ብርድ ልብሱ 60 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አራተኛው ረድፍ ላይ ይዘጋል። ሲዘጋ በጣም ላላ ይደረግ፤ ጠብቆ የተዘጋ ጠርዝ ሞገዱን ቀጥ አድርጎ ይገድለዋል። ትንሽ ወፈር ያለ መርፌ ለመዝጊያ ብቻ መያዝ ይጠቅማል። ሱፍ ወይም ጥጥ ከሆነ በለብታ ውኃ ታጥቦ፣ እያንዳንዱ ጉብታ በስፒል ተወጥሮ፣ ጥላ ሥር ይድረቅ። አክሪሊክ በዚህ አይወጠርም፤ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎበት ካውያ ከበላዩ ሳያስነኩ እንፋሎቱን ብቻ መስጠት ነው፤ የነካው እንደሆነ ይተኛና አይነሳም።

ከፊታችሁ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ናሙናዎች አሉ። እያንዳንዳቸው 2 ንድፍና ግራና ቀኝ 5፣ 5 የጠርዝ ዓይን ይዘው ነው የተጀመሩት፤ ስለዚህ መርፌው ላይ መገኘት የነበረበት 46 ነው። ሦስቱም ላይ ሆን ብዬ ጥፋት አስገብቻለሁ፤ ሁለቱን በቁጥር ታገኙታላችሁ፣ አንዱን በማየት ነው። ከፊት ረድፍ ጀምራችሁ እየተቀባበላችሁ ቁጠሩ፤ መጀመሪያ ያገኘ እጁን ያውጣና የትኛው ጥፋት እንደሆነ ይንገረን።